የመሰላል ያዥ ኑዛዜ

በየሰፈሩ አንድ መሰላል አለ። የማን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን ያልተዋሰው ሰው የለም። ጣሪያ ሲያፈስ፣ ዲሽ ሲዞር፣ አምፖል ሲቃጠል ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በትከሻ ይዞራል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ መሰላል ሊዋስ የመጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞት ወደ ላይ ወጥቷል። ስለሚወጣበት እንጂ መሰላሉ ስለሚቆምበት መሬት አይጠይቅም። ከታች ሆኖ የሚይዘው ሰውማ ከነጭራሹ አይታሰብም። ያገኙትን አላፊ አግዳሚ «እስቲ ያዝልኝ» ይሉታል፤ እሱም ይይዛል። መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ስንቱ ነው? እኔም አላውቅም ነበር።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ መንገዱ ቁልቁል መውረድ በሚጀምርበት ነው። አጥር የሚጋሩኝ ጎረቤቶቼ ጋሽ ታደለና እትዬ አስካለ ናቸው። ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። እትዬ አስካለ ደግሞ አጥንቱ የተሰበረ ሰው በሚተኛበት ክፍል ሲሠሩ የኖሩ ነርስ። ባልየው አገር ሲያዳርሱ ሚስትየው አዲስ አበባ ቀሩ። ጋሽ ታደለ ከየመንገዱ ይዘውላቸው የሚመጡት ታዲያ ሙዝና ከሰል ብቻ አልነበረም፤ ወሬም ነበር። የአዋሽ ሙቀት፣ የጎጀብ ጭጋግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሀዋሳ ሐይቅ። «ማዶው አይታይም እኮ አስኩ! ባሕር በይው!» ይሏቸው ነበር። «ጡረታ ስወጣ ወስጄ አሳይሻለሁ።»

ጡረታ ሲወጡ ያሳዩአቸው ግን ሐይቅ ሳይሆን ካራቫን ነው። መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶት የሄደው፣ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ያለው፣ መኪና እየጎተተ የሚወስደው ነጭ ባለ ጎማ ቤት። በጓደኛ መኪና ተጎትቶ መጣና ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመ። የራሱ ጎታች መኪና አልነበረውም። «እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል» አሉ ጋሽ ታደለ። ቀስ እንዳለ ዓመታት አለፉ።

ግን እንዳትስቁ። ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ካራቫኑ ውስጥ ገብተው መስኮቱን ይከፍታሉ። ባሕር ዛፉ ይወዛወዛል፣ ደመናው ከወጨጫ ተራራ በኩል እየተንሳፈፈ ይመጣል፣ ቤቱም የሚሄድ ይመስላል። እኔም አልፎ አልፎ እየተጋበዝኩ በሩ አጠገብ ካለችው መቀመጫ ላይ ተቀምጫለሁ። የማዞሪያው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ጋሽ ታደለ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው «ይኸው ሞጆን አለፍን» ይላሉ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ቀስ ብለህ ንዳ» ይላሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሥራ ዘመኔ ካርታ ላይ በዱላ እየጠቆምኩ ካሳየሁት አገር ይልቅ እዚያች መቀመጫ ላይ ሆኜ የሄድኩበት ይበዛል።

ባለፈው ግንቦት ታዲያ ከአልጋው በላይ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ታየ። ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል። ክረምቱ ሳይገባ ካልተደፈነ ኮርኒሱ በስብሶ ይወርዳል፤ ኮርኒሱ ከወረደ ደግሞ ሞጆም የለ፣ ሀዋሳም የለ።

«ሠራተኛ እንጥራ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ላይ ስወጣና ስወርድ የኖርኩትን ሰውዬ?» አሉ ጋሽ ታደለ፣ ተቀይመው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ መሰላል መጣ። ካራቫኑ ፊቱን ወደ ቁልቁሉ፣ ወደ እኔ አጥር አዙሮ ነው የቆመው። ጋሽ ታደለ መሰላሉን ከኋላው በኩል አስደገፉት። መሬቱ በማለዳው ካፊያ ርሷል። እትዬ አስካለ ውሃው የሚገባበትን ቦታ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እያንኳኩ ሊያመለክቱ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ መሰላሉን ያዝኩ።

ጋሽ ታደለ ወጡ። የካራቫን ጣሪያ ስስ ነው፣ ሰው አይቆምበትም፤ ስለዚህ መሰላሉ ላይ እንዳሉ ደረታቸውን ጠርዙ ላይ አስደግፈው ስንጥቁን በሲሊኮን ማጣበቂያ ይሞላሉ። ከውስጥ ኳ፣ ኳ ይላል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ብርሃኑ ማር የመሰለ፣ ሰው ቆሞ የሚያንቀላፋበት ዓይነት ሰዓት ነበር።

«መምህር፣ ወጨጫ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አየኸው? መጋረጃ እኮ ነው የሚመስለው!» አሉኝ ከላይ።

አየሁት። ግራጫ ሐር የመሰለ ዝናብ ከሰማይ ተንጠልጥሎ ተራራውን ቀስ እያለ ይሸፍናል። ፀሐዩን ለመከለል አንድ እጄን አነሳሁ። ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ሁለተኛውንም። ኳኳታው ራቀ። ከላይ ጋሽ ታደለ «ትንሽ ብቻ ቀረችኝ» ሲሉ እንደ ሕልም ሰማሁ። ወደ ጎን ተንጠራሩ።

የመሰላሉ እግር ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። የላይኛው ጫፉ ደግሞ ካራቫኑን ገፋው። ከጎማው ሥር ታኮ አልነበረም! ዳገት ላይ በቆሙ ቁጥር ረዳታቸውን «ታኮ አድርግ!» እያሉ ሲጮሁ የኖሩት ሰውዬ በገዛ ግቢያቸው ጎማ ሥር አንዲት ድንጋይ አላደረጉም። ጋሽ ታደለ እጃቸውን አስቀድመው ወደቁ። ነጩ ቤት እትዬ አስካለን እንደያዘ ቁልቁል ተንቀሳቀሰ።

የእኔ ግቢ ከእነሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ከሰው ቁመት በላይ የሚወርድ ገደል አለ። ሮጥኩ ልበላችሁ? አልሮጥኩም። ካራቫኑ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ ያህል ሄዶ የአጥሩን የሲሚንቶ ቋሚ ገጨና ቆመ። ኳኳታው የለም። ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። እትዬ አስካለ መጥረጊያቸውን እንደያዙ፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸርተት እንዳለ ብቅ አሉ። «ታደለ የታል?» አሉ። ጋሽ ታደለ መሬት ተቀምጠው እጃቸውን ታቅፈዋል። እትዬ አስካለ አጠገባቸው ተንበርክከው አንጓቸውን በሁለት ጣት ዳሰስ አደረጉና «ተሰብሯል» አሉ፤ በአሮጌ መጽሔት ደግፈው በሻሻቸው አሰሩት።

ጋሽ ታደለ በጀሶ ታስረው ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ጎረቤት ለጥየቃ ጎረፈ፤ ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ። ጥፋተኛው መሰላሉ ነው። «ድሮም አላምነውም ነበር» አለ አንዱ። «እግሩ እኩል አይደለም» አለች ሌላዋ። ጋሽ ታደለም «መሰላሉ ነው እንጂማ» አሉ። እኔም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። መሰላሉ ተፈልጦ እንዲነድ ተወሰነ።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። መጥረቢያ በመጣበት ጠዋት ግን አልቻልኩም፤ ወደ እትዬ አስካለ ሄድኩ።

«እትዬ አስካለ፣ መሰላሉ አይደለም። እኔ ነኝ። ሁለቱንም እጄን ለቅቄ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «በመስኮት አይቼሃለሁ። ዝናቡን ስታይ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ታኮ የረሳው ሰውዬም መሰላሉን ሲሰድብ እሰማ ነበር። ከሁለታችሁ ማን እንደሚቀድም ስጠብቅ ነው።»

መሰላሉ ከመጥረቢያው ተረፈ፤ የጣሪያውንም ሥራ በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው ጨረሱት። መጀመሪያ ካራቫኑን ወደ ቦታው አስመለሱ። ጎማዎቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ትልልቅ ድንጋይ አስደረጉ። ለመሰላሉ ደረቅ መሬት መረጡለት፤ ከእግሩ ሥር ሳንቃ አነጠፉ፣ የላይኛውን ጫፉን በገመድ አሰሩት። በቀሚሳቸው ላይ ሱሪ ለበሱና ፊታቸውን ወደ መሰላሉ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን ሳይለቁ ወጡ። ራቅ ያለ ቦታ ሲኖር አይንጠራሩም፤ ወርደው መሰላሉን ያዛውራሉ። «እኛ ክፍል ከተኛው ሰው ሁሉ ‹ትንሽ ብቻ ቀርታኝ ነበር› ያላለኝ የለም» አሉ ከላይ ሆነው። ያዥ አድርገው የመረጡት ማንን እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔን ነው። ዓይኔን ከመሰላሉ አልነቀልኩም፤ ሰማይ ቢወርድ አላየውም ነበር።

ሲጨርሱ ወርደው እጃቸውን አበሱና «ታደለ፣ አውቶቡስ እንሳፈር» አሉ።

«ካራቫኑስ?»

«በስንት ዓመቱ የሄደው አራት እርምጃ ነው፤ እሱም ሊገድለን ነበር።»

ጋሽ ታደለ በጀሶ የታሰረ እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በነጋታው ቲኬት ቆረጡ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት ቤታቸውን የምጠብቀው እኔ ስለነበርኩ ጣሪያውን ለማየት ካራቫኑ ውስጥ ገባሁ። ጠብ የሚል የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዝናቡን ሳዳምጥ ስልኬ ጠራ። እትዬ አስካለ ናቸው፣ ከሀዋሳ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ታደለ ዓሣ ሊያዝዝልን ሄዷል» አሉኝ። «ስማ መምህር፣ ማዶው ይታያል።»

«የምኑ ማዶ?»

«የሐይቁ ነዋ! ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው፤ ዛፉ ሁሉ ይቆጠራል።» ከዚያ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «እንዳትነግረው።»