«አትሽጥ» ያሉኝ ገዢ

ፈረንጆች ገበያ ሲወድቅ «የድብ ገበያ» ይሉታል አሉ። እኛ አገር ድብ የለም፤ ድብርት ግን ሞልቷል። ሰው ሲደብረው ያለውን በርካሽ ይሸጣል፤ ሲሞቀው ደግሞ የሰውን በውድ ይገዛል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። እኔ ጠርጣሪ ነኝ። እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እያለች ስላሳደገችኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ገንፎ የምበላው እያገላበጥኩ ነው።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከወደብ አስወጥቼ፣ መኪና ላይ አስጭኜ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ትራንዚተሮችና ሹፌሮቹ ተሰባስበን የመኪና ማቆሚያ አክሲዮን ማኅበር አቋቋምን። ከከተማው መውጫ ላይ ሰፊ ግቢ ተከራየን፤ ተራ የሚጠብቅ ከባድ መኪና ሁሉ እየከፈለ ይቆምበታል። ባለቤቴ ሰብለ ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ልጆች ይዛ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ትንከራተታለች፤ እኔም ያለችኝን ጥሪት አክሲዮን የገዛሁባት አንድ ቀን የራሳችንን ቤት እንሠራለን ብዬ ነበር።

ከዚያ ሥራ ቀዘቀዘ። ጭነት ጠፋ፤ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሹፌሮቹ «አለቀልን» እያሉ አክሲዮናቸውን በግማሽ ዋጋ ማዞር ጀመሩ። የተገኘው ገዢ አንድ ብቻ ነው፤ እትዬ ዘውዴ። እትዬ ዘውዴ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ውስጥ የምግብ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ግማሹ ሹፌር ምሳውን የሚበላው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔም ልሸጥላቸው ሄድኩ።

«አንተ ልጅ፣ አትሽጥ» አሉኝ።

«ለምን?»

«መኪና ሲሄድ ለግቢያችሁ ምን ይፈይድለታል? ግቢው የሚከፈለው መኪና ሲቆም አይደል እንዴ? ሄጄ አይቼዋለሁ፤ እግር ማሳረፊያ የለውም። እናንተ ግን የራሳችሁን ሐዘን እያያችሁ ትሸጣላችሁ።»

እስቲ ፍረዱኝ! ሻጩን «አትሽጥ» የሚል ገዢ በየት አገር አለ? ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ያልፈለጉ መስለው ዋጋ ሊሰብሩብኝ ነው። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! ግቢውን ሄጄ ልየው አላልኩም፤ አታላይ «እይ» ያለውን ማየት ምን ይሠራል? ዋጋውን ሳያወርዱብኝ በማግስቱ ማኅበሩ ቢሮ ወስጄ አስፈረምኳቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈረሙ። እኔ በሆዴ እየሳቅኩ ወጣሁ።

ዓመቱ ሲዘጋ ማኅበሩ አግኝቶ የማያውቀውን ትርፍ አከፋፈለ። የቆመ መኪና ሁሉ ሲከፍል ከርሟል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጠርጥሮ ለተመነጠረ ግን ተረት አልተተረተለትም። በዚያው ሳምንት ሰብለ ደውላ፣ አከራይዋ «ቤቴን ልቀቂ» እንዳሏት ነገረችኝ። ልጆቹን ይዛ የት እንደምትገባ ጨንቋታል።

ይህን ምግብ ቤታቸው ውስጥ ምሳ ላይ ለጓደኞቼ ሳወራ እትዬ ዘውዴ ሰሙ መሰለኝ፣ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«የልጆችህ ነገር አንጀቴን በላው» አሉኝ። «አክሲዮንህን በገዛሁበት ዋጋ መልሰህ ውሰድ።»

የሸጥኩበት ገንዘብ እንዳለ ተቀምጧል፤ ማንን አምኜ ምን ልግዛበት? ግን በገዙበት ዋጋ! እንደዚያ ትርፍ የሚዝቅ አክሲዮን! እኚህ ሴትዮ ምን ሰምተው ነው? ግቢው ሊፈርስ ይሆን?

«አይ እትዬ፣ ይቅርብኝ» ብያቸው ወጣሁ።

ወዲያው ለሰብለ ደውዬ ከምን ዓይነት ወጥመድ እንዳመለጥኩ ነገርኳት።

«የእትዬ ዘውዴን ስልክ ቁጥር ላክልኝ» አለችኝ።

እናንተው ንገሩኝ፤ ቁጥሩን ምን ልታደርግበት ነው? እስካሁን አልላክሁላትም።