ከሥሩ ያለው አንቀጽ

ሕግ ሲጸድቅ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ሳቁብኝ፤ ምን ይደረግ! አንዳንዱ ኳስ ይወዳል፣ እኔ አንቀጽ እወዳለሁ። የክልላችን ምክር ቤት ስለ መረጃ ደህንነት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኢኮኖሚ ልማት የሚያወራውን አዋጅ ያጸደቀ ዕለትማ የጋምቤላ ሙቀት እንኳ የቀነሰልኝ መስሎኝ ነበር።

ቢሯችንን ብታዩት አዋጁ ለምን እንዳስፈለገ ይገባችሁ ነበር። ሠልጣኞችን የምንመዘግብበት ኮምፒውተር የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ከኃላፊው እስከ ጥበቃው ኡጁሉ ድረስ የማያውቀው የለም፤ እኛ ዘንድ የይለፍ ቃል እንደ ቢሮ ጀሪካን ነው፣ የጠማው ሁሉ ይቀዳል።

አዋጁ ታዲያ የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው አይሰጥም ይላል። ወረቀቱን ገንጥዬ ቀደድኩ፣ ቃሉን ቀየርኩ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳልል በማግስቱ ወደ ኢታንግ ወረዳ ሄድኩ። ለምን መሰላችሁ? ስለ አዋጁ ሥልጠና ልሰጥ!

በዚያው ዕለት አሪየት የምትባል የኢታንግ መምህርት ወደ እኛ ቢሮ መጥታ ኖሯል። ለትምህርት ቤቷ የተሰጡት ኮምፒውተሮች የሚያስተምርባቸው ጠፍቶ ካርቶናቸው ውስጥ እንዳሉ ናቸው። እሷ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትሠለጥን ተመርጣለች፤ ምዝገባው የሚያበቃው ያን ቀን ነው። መንገድ ላይ መኪኖቻችን ሳይተላለፉ አልቀሩም። የቢሮ ባልደረቦቼ የድሮውን ቃል ደጋግመው ቢሞክሩት ኮምፒውተሩ ጭራሽ ተቆለፈ። ደወሉልኝ፤ ኢታንግ ኔትወርክ አልነበረም። ኡጁሉ ወንበር አውጥቶላት ቢሮ እስኪዘጋ ጠበቀች።

ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ራሴን ለማጽናናት ያልደረደርኩት ሰበብ የለም። ሕጉ ነው አልኩ፤ ኔትወርኩ ነው አልኩ። ያቺ ወንበር ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለች። በጣም ቆጨኝ።

ከወር በኋላ ለሁለተኛ ዙር ሥልጠና ወደ ትምህርት ቤቷ ስሄድ አሪየት ከፊት ተቀምጣለች፤ ስም ስጠራ ነው ያወቅኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ስል፣ እኔው ያደልኳትን አዋጅ ገልጣ እጇን አወጣች።

“አቶ ታደሰ፣ የይለፍ ቃል አይሰጥም ከሚለው ከሥሩ ያለውን አንብበዋል?”

አላነበብኩም ነበር። እሷ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሠራተኛው ከቢሮ ሲርቅ የይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ለተተኪው ያስረክባል ይላል።

አሪየት እስክሪብቶዋን አነሳችና፣ “ይቀጥሉ፣ እየጻፍኩ ነው” አለችኝ።

ቀጠልኩ። ክፍሉ ጠረጴዛ ስላልነበረው፣ ላፕቶፔን ያስቀመጥኩት ካልተከፈቱት ካርቶኖች በአንዱ ላይ ነበር።