የእሜቴ ሱገን ደጅ

ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት የሌለችበት መንደር በህንድ፣ በማርዋር ምድር አይገኝም። ስለ መንደሩ ከሁሉ በላይ የምታውቀውም ያቺው ሴት ናት። የእኛዋ እሜቴ ሱገን ከንወር ናቸው። ሙሽራ ሆነው በተሸፈነ ጋሪ ከገቡ ወዲህ የውጭውን በር አልተሻገሩም። የማን ላም ሆዷ እንደተነፋ፣ የማን ግመል እንደሚያነክስ ግን ከባለቤቱ ቀድመው ይሰማሉ። እኔ የሸክላ ሠሪ ሚስት ነኝ። መሸሸግ የባለመሬቶች ክብር ነው፤ እኔ ብሸሸግ ጭቃውን ማን ያቦካል?

ሕክምናቸው በመጋረጃ በኩል ነበር። ከብቱ ደጅ ይቆማል፣ እሳቸው ከውስጥ ያዝዛሉ። "መጀመሪያ እበቱን አቀብሉኝ። ባለቤት ይዋሻል፤ እበት ዋሽቶ አያውቅም" ይላሉ። ከዚያ አሽትተው፣ በእንጨት ቆስቁሰው ይፈርዳሉ። እርድ በቅቤ፣ ነጭ አዝሙድ፣ የኒም ቅጠል፤ ለግመልም ለጫጩትም ያው ነው። ግማሹ ይድናል። ለሞተው "አዘግይታችሁ አምጥታችሁት ነው" የሚል መልስ አላቸው።

አንድ ቀን በሬያችንን ወስጄ ሳቆም ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው እንኳ ፊታቸውን ተከናነቡ። ወንድ በሌለበት ምነው ብላቸው፣ በሬውን የሸጡልን አማታቸው ስለሆኑ የአማት ነገር ይከበራል አሉኝ።

አማትየው፣ ባለመሬቱ ታኩር ጎርደን ሲንግ፣ በውጭው በር ላይ አልጋ ዘርግተው ይውላሉ። ምራት ለአማቷ አትናገርም፣ ፊቷንም አታሳይም። የግድ የሆነ ነገር ሲኖር እሜቴ ለግድግዳው ይናገራሉ፤ ታኩር እንዳልሰማ ሆነው ይፈጽማሉ። እንዲህ ተስማምተው ኖሩ።

አንድ ክረምት እሜቴ ከአባታቸው ቤት ይዘዋት የመጡት ላም ከዚያ በር ባሻገር ምጥ ያዛት። ጥጃው በእግሩ መጥቷል። ይህ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል፤ በመጋረጃ አይሆንም። እኔ ከላሟ ዘንድ ነበርኩ። እሳቸው ከውስጥ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አዙሪ ይሉኛል፤ እኔ ግን ገንቦ እንጂ ጥጃ አዙሬ አላውቅም። በመጨረሻ ለግድግዳው ተናገሩ።

"ግድግዳዬ፣ መንገዱ ቢለቀቅልኝ ላሜን እኔው አዋልዳት ነበር።"

ታኩር ሰምተዋል። ጢማቸውን ሲያሹ አየሁ። ለምራት ብሎ ከአልጋ መነሳት፣ ያውም እኔን የመሰለ ባዳ እያየ፣ ለእሳቸው ውርደት ነው። እሜቴም አማት በተቀመጡበት አያልፉም። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ላሟ ከነጥጃዋ ሞተች።

በማግስቱ ታኩር አልጋቸውን አሸክመው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱ፤ እስኪሞቱም በዚያ በር አልተቀመጡም። ይቅርታ መጠየቃቸው ነበር። በዚያ ቤት ይቅርታ ከዚህ በላይ አይሰማም። እሜቴ ግን ባዶውን ቦታ እያዩም ይከናነባሉ፤ አልወጡም። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። መንገዱ ሲለቀቅ የሚወጡላት ላም አልነበረችም።

የመንደሩ ሰው የራሷን ላም ያላዳነች የእኛን ልታድን ነው ወይ እያለ ቀረ። የመንግሥት የከብት ሐኪምም በሞተር ብስክሌት መርፌ ይዞ መምጣት ጀመረ። ደጃቸው ጭር አለ። ለካ ዓለምን እየነዱ የሚያመጡላቸው እነዚያ በሽተኛ ከብቶች ኖረዋል።

እኔ አሁንም ፍየሌን ይዤ እሄዳለሁ። የጎረቤት ማሽላ እየሰረቀች የወፈረች፣ ከእኔ የተሻለ ጤና ያላት ፍየል ናት። ባለፈው ሳምንት መብላት እምቢ ብላለች አልኳቸው። እጃቸውን በመጋረጃው ሥር አሾልከው ጆሮዋን ዳበሱ፤ ሆዷንም ጫን ጫን አደረጉ።

"ይቺ ፍየል ምንም አልሆነችም" አሉ።

"ኧረ እሜቴ፣ ስታቃስት ነው ያደረችው።"

እጃቸው ወደ ፍየሏ አንገት ሄደ። ከዚያም አልተነሳም።

"እንግዲያው ከባድ ነው" አሉ ቆይተው። "ነገም አምጫት። በመንገድ ያየሽውን፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ምን እንደበቀለ፣ ሁሉንም ትነግሪኛለሽ። ለሕክምናው ያስፈልጋል።"