ከውሃ በታች የቆመው ማንጎ

ማስረዳት በሽታ ነው። ቀላል በሽታ እንዳይመስላችሁ። ጉንፋን እንኳ የሚያስተኛው የያዘውን ሰው ነው፤ ማስረዳት ግን የሚያስተኛው አጠገብ ያለውን ነው። እኔን ከያዘኝ ቆይቷል። ጎማ የሚነፋ ሰው ካየሁ ቆሜ ስለ አየር ግፊት እነግረዋለሁ። ሰውዬው ጎማ ሲነፋ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ይሁን፣ ግን ለምን እንደሚነፋ ነግሮት የሚያውቅ አለ? ዛሬ ግን የማስረዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስለ ባሕር ውስጥ ከተማ የሚያወራ ፊልም የአሶሳን አንድ ሠርግ እንዴት አንድ ሐሙስ እንዳስቀረው። ጊዜያችሁን ብትሰጡኝ አትከስሩም። ከከሰራችሁም ለምን እንደከሰራችሁ አስረዳችኋለሁ።

ጓደኛዬ ሐሚድ ገበያው ጥግ ቪዲዮ ቤት አለው። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ምድጃ ነው። እኔ ከስክሪኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማይክ ይዤ፣ የፈረንጁን ፊልም በአማርኛ አስረዳለሁ። ሰዉ «ኡስታዝ» ይለኛል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ሌላው ግማሽ ለምን እንደሚለኝ ባናነሣው ይሻላል። እንግሊዝኛዬን ማንም አላስተማረኝም። ከስልክ መመሪያና ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ወረቀት ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ተዋናዩ «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» ካለ ወዲያው ይገባኛል። ችግሩ ተዋንያን ይህን የሚሉት ከስንት አንዴ ነው። የቀረውን ከፊታቸው አነባለሁ፤ ከፊታቸው ያጣሁትን ከራሴ እሞላለሁ። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ሐሚድ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሙሽራዋ ዘይነብ ናት፤ ከግድቡ ሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ ገበያ ላይ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ምላሷ ከዘይቷ ይልቅ የሚፋጅ ልጅ። ይህ ጋብቻ እንዴት እንደተገኘ ግን መጀመሪያ ማወቅ አለባችሁ። የሐሚድ አባት አቡ ሐሚድና የዘይነብ አባት ሼህ ኢድሪስ ድሮ በወንዙ ዳር አጥር ለአጥር ጎረቤት ነበሩ። አጥሩ ላይ ደግሞ አንዲት ማንጎ ነበረች። አቡ ሐሚድ «የተከላት አባቴ ነው» ይላሉ፤ ሼህ ኢድሪስ «ያጠጣቻት እናቴ ናት» ይላሉ። በዚህ ሃያ ዓመት ተኳረፉ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት ሁለቱም እየተረቱ፣ አጥሩን ሁለቱም ነቀነቁት። ስንት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ስንቱ ሽማግሌ ተነሣ።

ከዚያ ግድቡ ሞላና ውሃው መጣ። መንደሩ ተነሥቶ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ አዲስ ቦታ ሠፈረ፤ ማንጎዋ ከውሃው በታች ቀረች። ሁለቱ አባቶች በአዲሱ መንደር ተያዩና «ኻላስ፣ በቃ፣ ውሃው ዳኘን» ብለው ተቃቀፉ። ሽማግሌ በሃያ ዓመት ያቃተውን ውሃ በአንድ ክረምት ጨረሰው። በዕርቁ ማግስት ሐሚድና ዘይነብ ተጫጩ። ልጆቹ እንደሆኑ ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ የሚጠብቁት የማንጎዋን መስጠም ብቻ ነበር።

ሼህ ኢድሪስ የቀራቸው ቅሬታ አንድ ነው፤ የአማቻቸው ሥራ። ቪዲዮ ቤት የሚታየው ጥይትና ራቁት ሴት ነው ሲባል ሰምተዋል። ሐሚድ ታዲያ ዘዴ አሰበ። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ሁለቱንም አባቶች ጋብዞ፣ ጥይትም ራቁትም የሌለበት ፊልም ሊያሳያቸው። ባሕር ውስጥ የጠፋ ሥልጣኔ ፍለጋ ነው፣ ያለው ዓሣ ብቻ ነው፣ ዓሣ ምን ነውር ይሠራል ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ዓሣ ላይ ምንም ነውር አልታየኝም።

ፊልሙ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። አንዲት ሴት ካፒቴን የብረት ዱባ በሚመስል መርከብ ወደ ባሕሩ ሆድ ትወርዳለች። ትወርዳለች፣ ትወርዳለች፤ ሁለቱ አባቶችም አግዳሚው ላይ አብረዋት ዝቅ ዝቅ ሲሉ አየሁ። ከዚያ ከተማው መጣ። ጎዳናው እንዳለ፣ በሩ እንዳለ፣ ንጉሡ በኤሊ ላይ ተቀምጦ፣ ዛፎቹም ቅጠላቸው ሳይረግፍ፣ ወፍ በሚያርፍበት ዓሣ አርፎባቸው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ያልኩ ይመስላችኋል?

ማይኩን አፌ ላይ ለጥፌ፣ «ውሃ ያቆያል እንጂ አያጠፋም!» አልኩ። «ሺህ ዓመት ቢያልፍም እያንዳንዱ ዛፍ በቦታው፣ በባለቤቱ ስም ቆሟል!»

«በባለቤቱ ስም» የሚለውን ማን ነገረኝ? ማንም። አፌ ላይ መጣ፣ ያምራል ብዬ ለቀቅኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከፊት አግዳሚ ላይ አቡ ሐሚድ ቀስ ብለው ተነሡ። ጥላቸው በሰጠመችው ከተማ ላይ አረፈ።

«ያ ኢድሪስ» ብለው ተጣሩ፣ «ማንጎዬ አለች ማለት ነው።»

ሼህ ኢድሪስ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። «አለች» አሉ። «ግን የእኔ።»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ያየ የለም። አቡ ሐሚድ ያችው ዛፍ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳ እንድትታይላቸው አዘዙ፤ ቅርንጫፏ ወደ እርሳቸው ግቢ ማዘንበሉን በከዘራቸው እያመለከቱ ለተመልካቹ አሳዩ። ሼህ ኢድሪስ ደግሞ ካፒቴኗ ወደ ግራ ታጥፋ ከበሩ ጀርባ እንድታይ ንገራት አሉኝ፤ የእናታቸው እንስራ እዚያ ነው የቀረው። ካፒቴኗ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ሼህ ኢድሪስ ይህን የአድልዎ ምልክት አድርገው ያዙት።

በማግሥቱ ሠርጉ ቆመ። ሼህ ኢድሪስ ማንጎዬን ለነጠቀኝ ቤት ልጄን አልጨምርም አሉ፤ አቡ ሐሚድም ዛፏ የእኔ መሆኗ ሳይታመንልኝ ምራት አልቀበልም አሉ። ሐሚድ አልነሣ ያለ ጀኔሬተር በሚያይበት ዓይን አየኝ። ያስረዳኸውን አንተው መልሰህ አስረዳው አለኝና ሄደ። ካላስረዳሁት ሠርግ የለም ማለት ነው። ካስረዳሁት ደግሞ ኡስታዝ የሚባል ሰው የለም ማለት ነው።

ማክሰኞ በአዲሱ መንደር ከኒሙ ዛፍ ሥር ሦስት ሽማግሎች ተቀመጡ። የከርከዴ ሻይ ቀረበ። እኔ በምስክርነት ተጠራሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል አድሬ፣ በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀውን ቃል ለመናገር ቆርጬ ነበር። ተነሣሁና፣

«አባቶቼ፣ እኔ አላውቅም» አልኩ። «እንግሊዝኛው አይገባኝም። ስለ ዛፍና ስለ ባለቤት ያልኩት ከራሴ ነው።»

 እፎይ ልል ስል፣ ከሽማግሎቹ ታላቁ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«አያችሁ የተማረ ሰው? አላዋቂ ነው አውቃለሁ የሚለው።»

ምስክርነቴ ጸደቀ። ስንት ዘመን ስቀባጥር ግማሽ አክብሮት ያገኘሁ ሰው፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ሙሉውን አገኘሁት፤ ለዚያውም በማይፈለግበት ሰዓት። ጥያቄው ተከታተለ። ጥልቀቱ ስንት ነው? ቅጠሉ ይረግፋል? ፍሬው እዚያ ታች ይበስላል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሐሚድ በዓይኑ ለመነኝ። እኔም ዝም ልል ነበር፤ በሽታው ግን ተነሣብኝ።

«መብሰሉን ይበስላል፣» አልኩ፣ «ግን ቀስ ብሎ ነው።»

ሐሚድ ራሱን ያዘ።

ይህን ጊዜ ዘይነብ የተጠበሰ ዓሣ በትሪ ይዛ መጣች። ለሽማግሎቹ ምሳ ነበር። ትሪውን አስቀመጠችና በመሄድ ፈንታ ቆመች።

«አባቶች፣ ከፈቀዳችሁልኝ ኡስታዝን አንድ ነገር ልጠይቀው» አለች። ታላቁ ሽማግሌ ዓይናቸው ትሪው ላይ ነበርና ፈቀዱ።

«በፊልሙ ላይ ዛፉ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?»

«ዓሣ» አልኩ።

«ፍሬው ሲበስልስ ማን ይበላዋል?»

«ዓሣ ነዋ። ሳይንሱም ቢሆን…»

«ሳይንሱ ይቆየን።» ወደ ሁለቱ አባቶች ዞረች። «ባለፈው ዓርብ ከዚያው ሐይቅ አንድ ትልቅ አምባዛ ዓሣ መጣልኝ። ለሁለት ቆርጬ፣ ግማሹን ለአባቴ፣ ግማሹን ለአቡ ሐሚድ ቤት ላክሁ። ያልበላ አለ?»

አባቶቹ ተያዩ። ያልበላ አልነበረም። እንዲያውም አቡ ሐሚድ አጥንቱን ሲግጡ እኔው አይቻለሁ።

«እንግዲያው ማንጎዋ እኩል ተከፍላለች» አለች ዘይነብ። «ማስረጃው ሆዳችሁ ውስጥ ነው። የምትጣሉበት ምን ቀረ?»

ሽማግሎቹ የወሰን ክርክር በሚመረምሩበት ጥንቃቄ ረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻም ማንጎዋ በዓሣው አማካይነት በስምምነት መበላቷን፣ ከእንግዲህ ክርክር የማይነሣባት መሆኑን ፈረዱ። ዕርቁን ለማጽናት ፋቲሃ ተቀራ። ከዚያ በትሪው ላይ የነበረውን ዓሣ በሉት፤ ነገሩን ለማጣራት ይመስለኛል።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። እኔ ዳግመኛ ምንም ላላስረዳ ምዬ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሼህ ኢድሪስ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ያ ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ብቻ። ዓሣ የበላው ማንጎ ወደ ራሱ ነው ወይስ ወደ ጅራቱ የሚሄደው? ለእኔ የደረሰኝ ጅራቱ ነበር።»

በወዲያኛው ወገን አቡ ሐሚድ ማኘካቸውን አቆሙ። ዘይነብ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና በዓይኗ ያዘችኝ። «አላውቅም» ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉን ግን ማክሰኞ ዕለት ጨርሼው ኖሯል።

ስለዚህ እናንተ አትስነፉ፤ ወደ አሶሳ ጎራ በሉና ፊልሙን እዩት። ሐሚድ አሁንም ያሳየዋል፤ ከፊት አግዳሚ ላይ ግን አትቀመጡ፤ የሁለቱ አባቶች ቦታ ነው። ካፒቴኗንና ንጉሡን ተዉአቸው። ዓሣውን ብቻ ተከታተሉልኝ፤ ከዛፉ ላይ ሲጎርስ የጎረሰውን ወዴት እንደሚልከው በደንብ እዩና ቶሎ ንገሩኝ። ለፊታችን ማክሰኞ ከኒሙ ሥር ተጠርቻለሁ።