«ኖ፣ ታንክ ዩ» ብዬ የቆምኩበት ደረጃ

ዛሬ አንድ ክሊኒክ ደረጃ ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተገትሬ ቆምኩ።

ሊፍት ተበላሽቶባት ነው እንዳትሉ። ሊፍት የለውም! እግሬም አልተሰበረም፤ ጉልበቴ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ያስቆመችኝ አንዲት ቃል ናት። ያውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማርኳት ቃል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ አንድ ወጣት ዶክተር አጠገቤ ደረሰና «ማዘር፣ ሄልፕ ላድርግዎት?» አለኝ። ክንዱን ሁሉ ዘርግቶልኛል፣ አላህ ያሳድገው።

እኔስ? ሻርፔን አስተካከልኩ። ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔም ይታወቅልኝ ብዬ ቀና አልኩና «ኖ፣ ታንክ ዩ!» አልኩት።

«ኦኬ ማዘር» ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

ሄደ!

እኔ እኮ ደግሞ እስኪጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነው። እጄን ለክንዱ አዘጋጅቼ!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን መደገፊያውን ይዤ እንደቆምኩ ሳቅም እንባም አብረው መጡብኝ። ምክንያቱም ይህች ቃል ጉድ ስትሠራኝ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ሻይ የቀዳችሁ ሻያችሁን ያዙ።

የሉማሜ ልጅ ነኝ። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ በነበሩበት ዘመን አባቴ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ ኑሩ የሚላቸው፣ መንገድ ዳር ሱቅ ነበራቸው። ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ ይሸጣሉ። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሰው ሻይ እንዲጠጣ የሚቆመው ከሱቃችን ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል።

እኔ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስምንተኛ ክፍል እማራለሁ። የአባቴ ውል አጭር ነበር፦ የሚኒስትሪን ፈተና ካለፍኩ እስከፈለግሁበት ድረስ እማራለሁ፤ ከወደቅሁ ሱቅ ገብቼ አቡጀዲ እለካለሁ።

አቡጀዲ ደግሞ ወላሂ አልወድም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጥቁር ሰሌዳው አይታየኝም!

ለማንም አልተናገርኩም። ያኔ መነጽር የሚያደርገው ዳኛና ሽማግሌ ነው፤ መነጽር ያደረገች ልጃገረድ ማን አይቶ ያውቃል? ከጎኔ ከምትቀመጠው ልጅ ደብተር እገለብጣለሁ። እሷ ስትሳሳት አብሬ እሳሳታለሁ። ሒሳብ ላይ ሁለታችንም እኩል ወደቅን፣ ያውም በአንድ ዓይነት ስህተት።

ነገሬን የደረሰችበት ሚስ ካሮል ብቻ ናት። ከአሜሪካ መጥታ እንግሊዝኛ የምታስተምረን፣ በዚያ በማርቆስ ውርጭ አጭር እጅጌ ለብሳ የምትሄድ ጉደኛ ሴት።

በዚያው ሰሞን ነው «የስ፣ ፕሊስ» እና «ኖ፣ ታንክ ዩ» የሚባሉትን ያስተማረችን። «የስ፣ ፕሊስ» አላማረችኝም፤ ስግብግብ ነገር ሆነችብኝ። «ኖ፣ ታንክ ዩ»ን ስሰማ ግን ደስ አለኝ። እምቢ እያሉ ማመስገን! እንዴት ያለ ጨዋ ቋንቋ ነው!

እናቴ ያሳደገችኝም በዚሁ አይደል? ሰው ቤት «ብዪ» ሲሉሽ መጀመሪያ እምቢ ትያለሽ። «አፈር ስሆን» ሲሉሽ አሁንም እምቢ። «በሞቴ!» ከተባለ በኋላ ነው እጅ የሚዘረጋው። በመጀመሪያው ጥሪ ማዕድ ላይ የተጎለተች ልጅ ስሟ ለብቻው አይነሳም፣ ከእናቷ ስም ጋር ነው።

የአባቴ ሱቅም ሕጉ ያው ነው። «የመጀመሪያው አይ ሰላምታ ነው» ይሉኝ ነበር። «ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ሰው ልቡን የሚነግርሽ ሦስተኛው ላይ ነው።»

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ታጥቄ ነው እንግሊዝኛ የተማርኩት!

አንድ አርብ ሚስ ካሮል ከክፍል ስንወጣ ጠራችኝ። «ዛራ» አለች፤ ዘሀራ ማለት አልሆነላትም። ነገ ለዕረፍት አዲስ አበባ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ከእሷ ጋር ሄጄ ዓይኔን መታየት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጓደኛዋ ቤት እናርፋለን፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ትመልሰኛለች። ሁሉንም በእንግሊዝኛ፣ ቀስ አድርጋ። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ!

ፈለግሁ ወይ? አውቶቡስ ቢጠፋ በእግሬ እከተላት ነበር።

እጄን አጣመርኩ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ከዚያም በሕይወቴ ካወጣሁት ሁሉ ባማረ ድምፅ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኳት።

«ኦኬ» አለች። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ሄደች።

ኦኬ?!

«አፈር ስሆን» የት አለ? «በሞቴ» የት ገባ? ምናልባት ረስታው ይሆናል ብዬ እስከ በሩ ድረስ ተከተልኳት። ዞር ብላ ፈገግ አለችና እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሉማሜ እስክደርስ ድረስ በጭነት መኪና ላይ አለቀስኩ። አባቴ አቡጀዲ እየለኩ ነበር፤ ሲያዩኝ ሜትሩን አስቀመጡት። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

«ሰሌዳው አይታይሽም?»

«አይታየኝም፣ አባ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከአምና።»

ቁጣ ስጠብቅ፣ «እኔ እኮ የሰነፍሽ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ነጋዴነታቸው መጣ።

«እና አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችሽ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ሳትደግም?»

«ሳትደግም።»

«ታዲያ አገሯ ሰው እንዴት ነው የሚገበያየው?» አሉ፣ ከልባቸው ተቸግረው።

ይህን እኔም እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

«ነገ አውቶቡሱ እዚህ ለሻይ ይቆማል» አሉ። «እሺ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«የስ።»

«የስ። አጭር ናት። ስንት ጊዜ ነው የሚሏት?»

«አንድ ጊዜ ይበቃል፣ አባ።»

«አንድ ጊዜ!» ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ የዒድ ኮታቸውን ለብሰው ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ «የስ፣ የስ፣ የስ» ነው የሚሉት!

አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ቆመ። ሚስ ካሮል ወረደች። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ወደ አባቴ ዞራ አባቴ መሆናቸውን ጠየቀች።

«የስ!»

እጃቸውን ጨበጠችና እንግሊዝኛ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«የስ!»

ያ አላህ! ሴትዮዋ ደስ ብሏት እንግሊዝኛውን ለቀቀችው! ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ዓይኔ፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ። አባቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ በየመሐሉ «የስ» ጣል ያደርጋሉ። ሻይ ይጠጣሉ ወይ ስትላቸውም የስ፤ ከንጋት ጀምሮ አራተኛ ብርጭቋቸው ነው። ልጅዎ አስቸጋሪ ናት እንዴ ብላ ስትስቅም የስ!

እኔ ኮታቸውን ከኋላ እጎትታለሁ።

በመጨረሻ ሚስ ካሮል ሳቋን ተወችና አንድ ነገር በቀስታ ጠየቀች። አባቴ ቃሉ ባይገባቸውም ፊቷን አይተው ይሁን እንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «የስ» አላሉም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለች?»

«ልውሰዳት ወይ አለች።»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ሰው ወደ አውቶቡሱ መግባት ጀመረ።

አባቴ እኮ አንድ ክንድ ጨርቅ ለመግዛት ሦስት ቀን የሚመላለሱ ሰው ናቸው። ሻጩን ቤተሰቡን ጠይቀው፣ ሄደው፣ ተመልሰው፣ አኩርፈው፣ ታርቀው ነው የሚገዙት። አሁን አንዲት ልጃቸውን ለማያውቋት ፈረንጅ፣ አይተውት ለማያውቁት ከተማ፣ ሾፌር ጥሩንባ እየነፋባቸው በአንድ ቃል!

አዩኝ።

«የስ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አውጥተው በእጄ ጨበጡልኝ። ለካ ከቤት ሲወጡ ቆርጠው ነበር። ቢስሚላህ ብዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። በመስኮት ሳይ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ትንሽ እንደራቅን ግን አልታዩኝም። ዓይኔ ነዋ!

አዲስ አበባ ዓይኔን ታየሁና መነጽር አደረግሁ። ሚኒስትሪን አለፍኩ፣ አልሐምዱሊላህ። የማርቆስ ተማሪ «ዳኛዋ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ይበሉ! ቀጥዬ ተማርኩና አዲስ አበባ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። አቡጀዲ ዳግመኛ አልለካሁም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር፣ አይደል? ጀግና ሆኜ!

ግን ከጀመርኩ አይቀር እውነቱን ልናዘዝ። እኔ «ኖ»ን በደንብ ተማርኳት። ከመጠን በላይ ተማርኳት። እንግዳ «አይ በቃኝ» ሲለኝ ሰሃኑን አነሳለሁ። ጓደኛዬ «አይ አልመጣም» ስትለኝ እሺ እላለሁ። ሰው የተናገረውን ማክበር ነው እያልኩ እኮራ ነበር። ስንቱን በረሃብ ሸኝቼው ይሆን!

ንጉሡ ገና ሳይወርዱ፣ አንድ ጊዜ ሉማሜ ስሄድ የአባቴ ዓይን ሞራ ለብሶ አገኘሁት። ደንበኛ አረንጓዴ ሲጠይቃቸው ሰማያዊ ያወጣሉ።

«አባ፣ አዲስ አበባ ልውሰድዎትና ዓይንዎን ይታዩ» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ እዚሁ ደህና ነኝ። ሥራሽን አላስፈታሽም።»

እና እኔ፣ ያች በአንድ «ኦኬ» ከማርቆስ ሉማሜ ድረስ ያለቀስኩት እኔ፣ ምን አልኳቸው?

«እሺ አባ።»

ሳምኳቸው። ሄድኩ።

ሄድኩ! እኔ ራሴ!

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የአውቶቡሱ ሾፌር ትምህርት ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሽ ኑሩ መልእክት አላቸው» አለኝ። «ቃል በቃል ንገራት ብለውኛል።» ጉሮሮውን ጠረገ።

«‹ልጄ፣ እኔ አይ ያልኩት በአማርኛ ነው።›»

በዚያው ቅዳሜ ሉማሜ ገባሁ። ሱቁ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ እንሂድ።»

«አይ፣ ምን አደክምሻለሁ።»

«አፈር ስሆን፣ አባ!»

«ሱቁን ለማን ጥዬ?»

«በሞቴ!»

«እንግዲህ በሞቴ ካልሽማ» አሉና ተነሡ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት!

ጓዛቸውን ላሰናዳ ወደ ጓዳ ስገባ ከበሩ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል። የዒድ ኮታቸው፣ መስገጃቸው፣ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንቺ ከሄድሽ ማግስት ጀምሮ እንደታሰረ ነው» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጃቸው እስክትደግም ጠበቁ። ቆሎው ጠጥሯል። መንገዱን ሙሉ እየቆረጠምን ሄድን፤ እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ።

አዲስ አበባ ታክመው ዓይናቸው በራ። እስኪሞቱም ድረስ ቀለም አልተሳሳቱም።

ይኸው ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ሆኖ ደረጃ ላይ ቆምኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያወጣችኝ የክሊኒኩ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ምንም አልጠየቀችኝም። ባልዲዋን አስቀመጠች፣ «ነይ እማዬ» ብላ ክንዴን ያዘች፣ አለቀ።

እና አንተ ዶክተር ልጄ፣ ይህን ፖስት ሰው ሼር አድርጎ ከደረሰህ፦ አልተቀየምኩህም። ጥፋቱ የአስተማሪዎችህ ነው፤ ማን ያውቃል፣ አንዷ እኔ ልሆን እችላለሁ። ግን «ኖ» ያልኩህ በአማርኛ ነው።

ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ደረጃው ሥር ሻርፔን አስተካክዬ እጠብቅሃለሁ። እስከ ሦስት መቁጠር ትችላለህ አይደል?