ሁለት ቀኝ አለኝ ያልኩ ዕለት

ግራ እጅን የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ግራኝ ስለሆንኩ በየቀኑ ያጋጥሙኛል። እዚህ ካምፓላ ሮሌክስ የሚባለውን እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ የሚሸጠው ሰው እንኳ በግራዬ ስቀበለው ይኮሳተራል። የሁሉም አለቃ ግን የኪዋቱሌ ሰፈር ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ባለፈው እሁድ ቤታችን ምሳ ተጋብዘው ሳለ፣ ዶሮ ወጡን ጥሩ አድርጌ ጠቅልዬ በግራ እጄ ላጎርሳቸው ተነሳሁ። አፋቸውን ግጥም አደረጉ።

"በግራ? ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?"

እናቴ በአፍረት አቀረቀረች። እኔ ግን የሰሞኑን ትምህርቴን አስታወስኩ።

"ጋሼ፣ በሁለቱም እጁ እኩል የሚሠራን ሰው ፈረንጆቹ አምቢዴክስትረስ ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሁለቱም እጁ ቀኝ የሆነ ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ነኝ!"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንኳ ትንሽ ቅጥፈት ነበረባት።

ጋሽ ታደሰ አሰብ አደረጉና ጎረሱ። አላምጠው ሲጨርሱ፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛውን በሌላኛው ቀኝሽ አምጪ!" አሉኝ።

ወይ ጣጣ! ባልለመደው ቀኝ እጄ ሳነሳው ጉርሻው ተፈታና ነጭ ሸሚዛቸው ላይ አረፈ። ጋሽ ታደሰ ሸሚዛቸውን አዩ፤ ከዚያ ወደ ግራ እጄ እያመለከቱ አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ።

"ሦስተኛውን በዋናው ቀኝሽ አድርጊው!"