ዲናሞው ሽማግሌ ላከ

ትናንት ራቴን በልቼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ ማንንም ሳልሰድብ ተኛሁ። ሰው ሳይሳደብ ከተኛ ይኸው እንዲህ ያለ ሕልም ያያል።

ጣና ዳር ቆሜአለሁ። ጀልባዎቹ እንደ ቤት ተተክለዋል፤ መንገደኛ ጭኖ የሚሄደው ውሃው ነው። ዓሦች ጥላ ይዘው ወደቡ ላይ ተሰልፈዋል፤ ሰዎች ክራባታቸውን እንዳሰሩ ሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ። ከዓሦቹ አንዱ ጎረምሳ መንጠቆ ላይ ዳቦ ሰክቶ ወረወረና የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ጎትቶ አወጣ። ገልበጥ አድርጎ አያቸው። "ትንሽ ናቸው" ብሎ ወደ ውሃው መለሳቸው።

እኔ ግን ልቤ ሥራዬ ላይ ነበር። የአቶ ስንሻው ጀልባ ሸራም የናፍጣ ሞተርም አላት፤ የሞተሯ መካኒክ እኔ ነኝ። ባትሪዋ ቶሎ እየደከመ፣ አምፖሏም እንደ ታመመ ሰው ዓይን እየፈዘዘ ቢያስቸግር፣ ትንሹን ዲናሞዋን አውጥቼ ከጭነት መኪና የተፈታ ትልቅ ዲናሞ ትናንት ጠዋት አስገባሁላት። ዲናሞውን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረውን ቀጭን የጎማ ቀበቶ፣ ችንጋውን፣ አልነካሁትም፤ እየዞረ አይደለም እንዴ? በሕልሜ ግን ሥራው ገና ነው። የብሎን መፍቻ ቁልፌን ይዤ ወደ ሞተሩ ክፍል ወረድኩ።

ሞተሩ ቱታ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አቶ ስንሻው ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ሞተሩ ግራ ጆሯቸውን ፈትቶ በናፍጣ ያጥባል።

"ምን ሆነው ነው?" አልኩት።

"አይሰሙማ! ስንት ዘመን ስጮህላቸው። ስፈታው ቆሻሻ ብቻ።"

ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ። እኔም ብዙ ጮኼላቸዋለሁ።

አዲሱን ዲናሞ ከጆንያው ላወጣ ስል አንዲት ጉማሬ ገባች። የወደቡ ሹም ናት፤ መነጽሯን በገመድ አስራዋለች።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ዲናሞ ልቀይር።"

"በጉልበት?"

"በቁልፍ።"

"ያው ነው! በዚህ አገር ሽማግሌ ሳይልክ ብሎን የሚያጠብቅ ጠላፊ ነው። ችንጋ የሞተር ልጅ ናት፤ አባቷ ሳይጠየቅ ማን ላይ ልታስራት ነው?"

ይሄኔ ዲናሞው ራሱ ከጆንያው ወጣ። ኮት ለብሷል፤ የመዳብ ሽቦው በአንገትጌው ብቅ ብሎ ያብለጨልጫል፤ ላብ አጥምቆታል።

"ጋሼ አንማው" አለኝ፣ "ከመኪናዬ ከተለየሁ ወዲህ ዘመድ የለኝም። ሽማግሌ ይሁኑኝ።"

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። እኔኑ ነው።

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ወንድሜ ይሁኔ ለልጁ ሚስት ሲያጭ ባለ ወፍጮውን ታድሎን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ትናንት ሰፈር የገባ ጎረቤቱን ሳይቀር ላከ። እኔን፣ የአባቱን ልጅ፣ "አንማው አፉ ያስቸግራል" ብሎ ተወኝ። ሠርጉ ላይ ጄኔሬተሩ ድርግም ሲል ግን ማን ተጠራ?

ስለዚህ ዲናሞው ተናግሮ ሳይጨርስ "እሺ" አልኩ። ጋቢ ባጣ የጀልባዋን ሸራ ልለብስ ስል፣ ሸራው እኔን ለበሰኝና ተነሳ፤ ለካ እሱም ሽማግሌ ነው። አንድ አምባዛ ዓሣ ደግሞ ለጢሙ ሲባል ሦስተኛ ሆነ። ሄደን ሞተሩ ፊት ቆምን።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ ሞተሩ።

"እሺ ካላሉን አንቀመጥም!" አልኩ። ይህችን ቃል አፌ ውስጥ ይዣት ነው ያረጀሁት።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "ልጃችን ዲናሞ ብርቱ ነው። ባትሪ ያጠግባል፣ ጀልባ ሙሉ ያበራል። ያቺን ቀጭኗን ችንጋ ይስጡን ብለን መጣን።"

ከዚያ ከሞተሩ ጀርባ ጆሮ የሚበሳ ሲጥሲጥታ ተነሳ። ቀጭኗ ችንጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

"እኔን? ባለትዳሯን? ትንሹን ዲናሞ ሳዞር ወገቤ ተሰነጣጥቆ አልቋል፤ ደግሞ ይህን ዝሆን ልጎትት? ውዬ ሳላድር ነው የምቃጠለው!"

ባሏ፣ ትንሹ ዲናሞ፣ ከዘራውን እያወዛወዘ ተከተላት። "ማነው ሚስቴን ለሌላ ሊያጭ የመጣው?" ብሎ ቱታዬን አነቀ። ደግነቱ ሳል ጣለው።

አምባዛው በጢሙ ጎሸም አደረገኝ። "ሰፊዋን ማለቱ ነው" አለ፣ "አዲሷን፣ ባለ ብዙ መስመሯን።"

"አፉ ያስቸግራል" አለ ሸራው።

እዚህም ደረሱብኝ!

በዚህ መሐል መስኮቱ ተንኳኳ። ይሁኔና ታድሎ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

"አንማው፣ ግቡ በለን እባክህ! በረደን!"

"ጥሪ አላችሁ?"

"ወንድምህ ነኝ እኮ!"

"ወንድምነትህን መች አጣሁት፤ ጥሪ ነው የጠየቅሁህ" ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ሕልም ከዚህ በላይ ምን ያድርግልኝ?

ሞተሩ "ሰፊዋን እሰጣለሁ" አለ። "ግን ልጄ የምትዞርባቸው የእኔ መዘውርና የእሱ መዘውር ፊት ለፊት ይተያዩ። አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ካዩ ልጄን ጎኗን በልተው ይጨርሷታል። ዋስ ማን ይሆናል?"

"እኔ!"

ጉማሬዋ መነጽሯን አስተካከለች። "ካጣመመው ከእንግዲህ ለድመት እንኳ ሽማግሌ አይሆንም።"

ተንበርክኬ ከመዘውር መዘውር ሲባጎ ወጠርኩ፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ዲናሞው ጥቂት ወደ ውጭ አፈንግጧል። "ገባ በል፣ አትፈር" ብዬ በትከሻዬ ገፋሁት። ሲባጎው ቀጥ አለ። ሰፊዋ ችንጋ ዘልላ ሁለቱን አቀፈች። ጥብቀቷን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ልፈትሽ ስል፣ እሷ ቀድማ ሆዴን በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

"የላላኸው አንተ ነህ" ብላ ሱሪዬን አጠበቀችው።

ሞተሩ አስነጠሰና ተነሳ። ሲጥ የሚል የለም። አምፖሉ በራ፤ ወደቡ በራ፤ ከተማው በራ፤ የሐይቁ ወለል ሳይቀር በራ። ከታች አንዲት ዓሣ "አጥፉልን እንጂ፣ ልጆች ተኝተዋል!" እያለች ትጮኻለች።

"አሁን ተቀመጡ" አለ ሞተሩ።

ተቀመጥን። እንደዚያ ያለ መቀመጫ ነግሦም አይገኝ።

አቶ ስንሻው ከወለሉ ተነሱ፤ ጆሯቸው ወደ ኋላ ዞሮ ነው የተገጠመው። እጄን ጨበጡ። "አንማው፣ እስከ ዛሬ አልሰማሁህም። ከእንግዲህ ግን አንተን..."

"ተነስ አንተ!" ባለቤቴ እናትነሽ ናት፤ ነግቷል። "ሽማግሌዎች መጥተዋል።"

"የማን?"

"እኔ ምን አውቄ! ግቡ ብል፣ ተቀመጡ ብል፣ እምቢ አሉ። ሴት ልጅ የለን፤ ምን ፈልገው ነው?"

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ባለ ወፍጮው ታድሎ፣ ቄሱና አንድ የማላውቀው ሰው ደጄ ላይ ቆመዋል። ታድሎ መሬት መሬት ያያል።

"አቶ ስንሻው ልከውን ነው" አለ። "ትናንት ከገዳም ሲመለሱ ችንጋው ጨሰና ተበጠሰ። ነፋስም አልነበረ፤ ምእመኑ በእጁ እየቀዘፈ ነው የገባው። እሳቸው ግን ጠብ አልፈልግም፣ ክብሩን ጠብቃችሁ ለምኑልኝ ብለዋል። ከእንግዲህ ሞተሩን መጠገን እንድትተውላቸው ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።"

ሦስቱንም ተራ በተራ አየኋቸው። ቤቴ ሽማግሌ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጋቢዬን አስተካከልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

"ዘመድ አዝማድ ላማክር" አልኳቸው። "በሳምንቱ ተመለሱ።"